የቤት የሌባ ማንቂያ ደወል መጠባበቂያ ባትሪ ሲግል፦ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ የማግኛ መመሪያ

በጎንደር መብራት በሄደ ቁጥር የቤቱን የሌባ ማንቂያ ደወል በሥራ ላይ የሚያቆየው በመቆጣጠሪያው የብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አንድ አነስተኛ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ በደህናው ጊዜ ከክፍሉ አየር ጥቂት ብቻ ሞቅ ያለ መሆን ሲገባው፣ አንዳንድ ጊዜ ሙቀቱ በሳጥኑ ክዳን ላይ በእጅ እስኪታወቅ ድረስ ይግላል። የተለመደው መፍትሔ አዲስ ባትሪ ገዝቶ በአሮጌው ቦታ መተካት ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱን የፈጠረው ባትሪው ራሱ፣ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ወይም ሳጥኑ የተሰቀለበት ቦታ ሊሆን ስለሚችል፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚገባው አዲስ ባትሪ ብዙ ሳይቆይ እንደ ቀደመው ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አስቀድሞ አደጋውን፣ ቀጥሎ የሙቀቱን ምንጭ፣ ከዚያም ግዢውን ይመለከታል።

ደረጃ 1፦ አደጋ መኖሩን መለየት

ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት የእጅዎን ጀርባ ወደ ሳጥኑ ያስጠጉ፤ ያሽትቱ፤ ያዳምጡም። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ፣ የሚያሳክክ የአሲድ ጠረን፣ የሚፍለቀለቅ ወይም የሚተነፍስ ድምፅ፣ ከሳጥኑ በታች የወረደ እርጥበት ወይም ጭስ ካለ ጉዳዩ ከጥገና ያለፈ ነውና ሳጥኑን አይክፈቱ። የቤቱን ዋና ብሬከር ያጥፉ፣ በተለይ ሕፃናትንና አረጋውያንን ከክፍሉ ያስወጡ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ። ጭስ ወይም ነበልባል ካዩ ደግሞ ከቤት ወጥተው የከተማውን የእሳት አደጋ አገልግሎት ይጥሩ።

ከልክ በላይ የሚሞላ ባትሪ ሃይድሮጅን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በትንሽ ፍንጣሪ ይፈነዳል። በእኛ ቤት ይህ ማስጠንቀቂያ የተለየ ክብደት አለው። መብራት ሲጠፋ ሻማ ወይም ኩራዝ ይዞ ሳጥኑን ማየት የተለመደ ነው፤ ሳጥኑም ብዙ ጊዜ ቡና በሚፈላበት ሳሎን ወይም በመግቢያው ኮሪደር ስለሚሰቀል የከሰል ምድጃና የዕጣን ማጨሻ በቅርቡ ይኖራሉ። ፍተሻውን በእጅ ባትሪ ወይም በስልክ መብራት ብቻ ያድርጉ፤ ከሰሉም ከክፍሉ ይውጣ።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከሌለና ባትሪው እጅ አስቀምጠው የሚታገሡት ያህል ብቻ ከሞቀ ወደሚቀጥለው ደረጃ መሄድ ይቻላል። እጅን ጥቂት ሰከንድ ማቆየት የማያስችል ከሆነ ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ አጥፍተው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይጠብቁ።

ደረጃ 2፦ የባትሪውን ዓይነት ማወቅ

በአብዛኞቹ ባለ ሽቦ ማንቂያዎች ውስጥ ያለው ጥቁር ወይም ግራጫ፣ ጡብ መሰል፣ የታሸገ የእርሳስና አሲድ ባትሪ ነው፤ በላዩ ላይም 12 ቮልት እና 7 አምፔር ሰዓት (የባትሪው የመያዝ አቅም) ወይም ለዚህ የቀረበ ቁጥር ተጽፏል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ያሉት የቮልት ልኬቶች ሁሉ ለዚህ ዓይነት ባትሪ ብቻ ናቸው። ሽቦ አልባ የሆኑ ዘመናዊ ማንቂያዎች ሊቲየም ወይም ኒኬል ያለበት ትንሽ ጥቅል ባትሪ ይጠቀማሉ። ያበጠ ወይም የጋለ ሊቲየም ባትሪ መለካትም ሆነ መሞላት የለበትም፤ ደህና ሆኖ የሚነካ ከሆነ ከቤት አውጥተው ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ በሚገኝ ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጡት፤ ምትኩም የአምራቹ ትክክለኛ ዓይነት ብቻ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ሳይረኑ ሳይጮኽ ማጥፋት

ማንቂያውን በኮድዎ ያሰናክሉ፤ ሳጥኑ ሲከፈት የሚነቃ ማብሪያ ስላለው ለጎረቤትና ለጥበቃው አስቀድመው ይንገሩ። በግድግዳው ውጭ ያለው ሳይረን የራሱ ትንሽ ባትሪ ሊኖረው ይችላል፤ ከሳጥኑ ኃይል ሲቋረጥበትም ይጮኻል።

ከዚያ በመጀመሪያ የትራንስፎርመሩን ስፒና ከሶኬቱ ይንቀሉ፤ በቀጥታ ከመስመር የተያያዘ ከሆነ ብሬከሩን ያጥፉ። ቀጥሎ ከባትሪው ጥቁሩን ሽቦ፣ ከዚያ ቀዩን ያውጡ። የሁለቱ ሽቦዎች ጫፎች እንዳይነካኩ በናስትሮ ለየብቻ ይጠቅልሏቸው፤ የባትሪው ሁለት ምላሶች (ሽቦ የሚሰካባቸው ብረቶች) በካቻቢቴ ወይም በቀለበት በአንድ ጊዜ ከተነኩ ብረቱን እስከማቅላት የሚደርስ ፍሰት ይለቃሉ፤ ስለዚህ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ። የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። አሲድ ቆዳ ላይ ከነካ በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ ዓይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ ታጥቦ ወደ ሐኪም ይኬዳል። ወለል ላይ የፈሰሰው ለዳቦ መጋገሪያ በሚያገለግለው ቤኪንግ ሶዳ ይረጫል።

ደረጃ 4፦ በዓይን መመርመር፣ ዕድሜውንም ማስላት

የባትሪው ጎን ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ወደ ውጭ ያበጠ ጎን ባትሪው ቀድሞ ከልክ ያለፈ ሙቀት እንደደረሰበት ማስረጃ ነው፤ ያበጠ ባትሪ ቮልቱ ጥሩ ቢያሳይ እንኳ ተመልሶ አይገባም። ምላሶቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት፣ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ሙቀቱ የተነሣው ከላላ መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የሚግለው የባትሪው መካከል ሳይሆን ጫፉ ነው።

የዕድሜው ነገር በአገራችን አንድ ስሕተት ይበዛበታል። በፋብሪካ የሚታተመው ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ባለሙያው በማርከር የሚጽፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በፋብሪካ 2018 ተብሎ የታተመበት ባትሪ በእኛ 2010 ወይም በ2011 መጀመሪያ የተሠራ አሮጌ ነው እንጂ አዲስ አይደለም። እንዲህ ያለው ባትሪ በተለመደው አጠቃቀም ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ የሚኖርበት ሙቀት በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አምስት ዓመት ያለፈው ባትሪ ከጋለ ብዙ ሳይመራመሩ መለወጥ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የደረጃ 6 እና የደረጃ 7 ፍተሻ ለአዲሱ ሲባል መደረግ አለበት።

ደረጃ 5፦ ባትሪውን ለብቻው መለካት

ባትሪው ከሳጥኑ ወጥቶ በሲሚንቶ ወይም በሴራሚክ ላይ ቢያንስ ለአራት ሰዓት፣ ቢቻል ለአንድ ሌሊት ይረፍ። ከዚያ ቴስተሩን በቀጥተኛ ፍሰት (DC) በ20 ቮልት መለኪያ ላይ አድርገው ቀዩን በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በኔጋቲቭ ይለኩ።

ከ12.7 እስከ 13 ቮልት ያሳየ ባትሪ የተሞላ ነው። በ12 እና በ12.4 መካከል ያለው በከፊል የተራገፈ ነውና ተሞልቶ እንደገና መለካት አለበት። 10.5 ወይም 11 አካባቢ የሚያሳይና ተሞልቶም ከዚያ የማይወጣ ከሆነ ግን የሙቀቱ ምክንያት በእጅዎ ነው። ባትሪው እያንዳንዳቸው 2 ቮልት ገደማ የሚሰጡ 6 ክፍሎች አሉት፤ ከስድስቱ አንዱ በውስጡ አጭር ግንኙነት (ሾርት) ሲፈጥር ሁለት ቮልት ይጎድላል። የሳጥኑ መሙያ ግን ይህን አያውቅም፤ የተለመደውን 13.7 ቮልት መላኩን ይቀጥላል። ለስድስት ክፍል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2.28 ቮልት ይደርስ የነበረው አሁን ለአምስት ተካፍሎ 2.74 ይሆናል፤ ይህም ደህና የሆኑትን ክፍሎች ሌት ተቀን ከልክ በላይ መሙላት ማለት ነው። በውስጣቸው ያለው ውኃ ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ ባትሪው ይደርቃል፣ ይግላል። የጋለ ባትሪ ደግሞ ተጨማሪ ፍሰት ይስባል፤ ተጨማሪው ፍሰት ሙቀቱን መልሶ ያሳድገዋል። ይህ ዑደት ራሱን እየመገበ ሲሄድ ነው ባትሪ የሚያብጠውና የሚቀልጠው።

ቮልቱ ጥሩ ሆኖ የተገኘ ባትሪም በሸክም መፈተን አለበት፤ ያረጀ ባትሪ ያለ ሥራ ሲለካ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላልና። ለዚህ የሚሆን ቀላል መሣሪያ የመኪና የፍሬቻ አምፖል ነው። ባለ 21 ዋቱ አምፖል ከ12 ቮልት ባትሪ 1.75 አምፔር ገደማ ይስባል። በተሞላው ባትሪ ላይ አገናኝተው ለ10 ደቂቃ ሲያበሩት ባለ 7 አምፔር ሰዓት ደህና ባትሪ ከ12 ቮልት በታች አይወርድም፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ11 በታች የወረደ ግን ሌባ ቢመጣ ሳይረኑን በወጉ አያስጮኽም። አምፖሉ ራሱ በጣም ስለሚግል በእጅ አይያዝ፣ ጨርቅ ወይም ምንጣፍ ላይም አይቀመጥ።

ደረጃ 6፦ የሙቀቱን ምንጭ ለይቶ ማወቅ

ይህ ፍተሻ መሣሪያ አይጠይቅም፣ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያስተምራል፤ የሚዘለውም እርሱ ነው። ባትሪው ከሳጥኑ ውጭ እንዳለ፣ የሽቦዎቹ ጫፎች እንደተጠቀለሉ፣ ትራንስፎርመሩን መልሰው ይሰኩና ክዳኑን ዘግተው ሁለት ሰዓት ይጠብቁ። ሳጥኑ ያለ ባትሪውም ከጋለ ባትሪው ሙቀት ተቀባይ እንጂ ሙቀት ፈጣሪ አይደለም። በዚህ ጊዜ የሚጠረጠሩት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የሳጥኑ ኤሌክትሮኒክስ ወይም በውስጡ የታሰረው ትራንስፎርመር፣ ሁለተኛው ሳጥኑ የተሰቀለበት ቦታ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋማ ከተማ ስለሆነች ሙቀት የቆላው የመተማና የሑመራ ችግር ብቻ ይመስለናል። ሆኖም ሌባ እንዳያገኘው ተብሎ ከኮርኒስ በላይ የተደበቀ ሳጥን በቆርቆሮው ሥር ነው የሚውለው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል ያለው አየር ከውጭው እጅግ ይሞቃል። የምጣድ ግድግዳ የሚጋራ ሳጥንም እንዲሁ ነው። ለዚህ ባትሪ የተመደበው የመሙያ ቮልቴጅ የሚሠራው በ25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.018 ቮልት ገደማ መቀነስ ነበረበት። በ40 ዲግሪ ቦታ የሚቀመጥ ባትሪ 13.4 ቮልት ገደማ ይበቃዋል ማለት ነው፤ ብዙ የቤት ማንቂያዎች ግን ሙቀቱን ሳይለኩ ያንኑ 13.7 ይልኩለታል። መፍትሔው ሳጥኑን ከኮርኒስ በታች፣ ፀሐይ በማያገኘው የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ለምሳሌ አየር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ማውረድ ነው። ደብቆ ማስቀመጥና ማቃጠል አንድ አይደሉም፤ የሌባን ዓይን ለማምለጥ የኮሪደር ቁም ሣጥን ከበቂ በላይ ነው።

ደረጃ 7፦ የመሙያውን ቮልቴጅ መለካት

ባትሪውን መልሰው ያገናኙና ሙሉ በሙሉ እስኪሞላ ከአንድ ቀን በኋላ በምላሶቹ ላይ ይለኩ፤ በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ግን በየጊዜው እየነኩ ይከታተሉት፤ ቤቱንም ትተው አይሂዱ። የደረጃ 5ን ፈተና ያላለፈ ባትሪ ለዚህ ፍተሻ አይውልም፤ ደህና ባትሪ ይዋሱ። ባትሪ ሳይኖር በባዶ ሽቦ ላይ መለካት አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል፤ የአንዳንድ ሳጥኖች መሙያ ባትሪ ካልተሰማው ቮልት አይሰጥም ወይም የሚዋዥቅ ቁጥር ያሳያል።

በባትሪው ላይ ሁለት የመሙያ ቁጥሮች ተጽፈው ያገኛሉ። ለመጠባበቂያ አገልግሎት ከ13.5 እስከ 13.8 ቮልት፣ በተደጋጋሚ እየተራገፈ ለሚሞላ አገልግሎት ከ14.4 እስከ 15 ቮልት። ማንቂያ የሚመለከተው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ልኬቱ በዚያ ክልል ውስጥ ከሆነ መሙያው ደህና ነው። ከ14.1 በላይ ሆኖ የሚቆይ ከሆነ የሳጥኑ ቮልት መቆጣጠሪያ ተበላሽቷል፤ ምንም ዓይነት ባትሪ ቢገባ ይጋግረዋል። ይህ ክፍል በካርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሥራ ነው፤ እስኪጠገንም ባትሪው ይነቀል። የመኪና ወይም የሶላር ቻርጀር በሳጥኑ መሙያ ፈንታ ማገናኘት በሁለተኛው ቁጥር ያለማቋረጥ መሙላት ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ።

ቴስተርዎ እስከ 10 አምፔር የሚለካ ከሆነ በቀዩ ሽቦና በባትሪው መካከል በመስመር ገብቶ ፍሰቱን ማየት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚስበው በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊ አምፔር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ከአንድ ቀን በላይ ተሞልቶ ገና በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ አምፔር የሚስብ ባትሪ ያንን ኃይል እያጠራቀመ ሳይሆን ወደ ሙቀት እየለወጠ ነው።

ከውጭ የመጣ ዕቃ ላላችሁ ልዩ ማሳሰቢያ

በጎንደር ብዙ ቤተሰብ በአሜሪካ ዘመድ አለው፤ ማንቂያውም በሻንጣ ይመጣል። የአሜሪካ ትራንስፎርመር 120 ቮልት ተቀብሎ ብዙ ጊዜ 16.5 ቮልት ተለዋዋጭ ፍሰት (AC) ይሰጣል። በእኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ቢሰካ ካልተቃጠለ በስተቀር 30 ቮልት ገደማ ወደ ሳጥኑ ይልካል፤ የመሙያው ክፍልም በሙቀት ይሰቃያል፣ ቀጥሎም ባትሪው። ስለዚህ ትራንስፎርመሩ ላይ ለመግቢያ ከ220 እስከ 240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል መኖሩን ያረጋግጡ። ምትክ ሲገዙ የመውጫው ቮልት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም መመሳሰል አለበት፤ ተለዋዋጭ ፍሰት ለሚፈልግ ሳጥን የራውተር አስማሚ አይሆንም።

ደረጃ 8፦ የተጫነበትን ሸክም መቁጠር

ባትሪው፣ መሙያውና ቦታው ሁሉ ደህና ሆነው ሙቀቱ መብራት ከመጣ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚታይ ከሆነ ባትሪው በጣም እየተራገፈ ነው። መቆጣጠሪያው፣ የቁጥር ሰሌዳው፣ አራት ዳሳሽና የሲም ካርዱ ክፍል በአንድነት 250 ሚሊ አምፔር ይስባሉ እንበል፤ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በስሌት 28 ሰዓት፣ በተግባር 20 ሰዓት ገደማ ይሸከማቸዋል። ከዚያው መስመር 400 ሚሊ አምፔር የምትስብ ካሜራና 800 የሚስብ ራውተር ከተጨመሩ ግን አምስት ሰዓትም አይሞላም። እስከ መጨረሻው የተራገፈ ባትሪ ሳይሞላ በቆየ ቁጥር በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ላይ ሰልፌት የተባለ ጨው ይጠናበታል፤ እንደገና ሲሞላም ይሞቃል፤ አቅሙም እየተሸረሸረ ይሄዳል። ካሜራና ራውተር የራሳቸው መጠባበቂያ ይኑራቸው፤ የማንቂያው ባትሪ ለማንቂያው ብቻ ይተው።

ትልቅ ባትሪ በመጨመር ይህን ለማካካስ መሞከርም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሳጥኑ መሙያ የሚችለው አቅም በመመሪያው ላይ ተወስኗል። ከባጃጅ ወይም ከሞተር ሳይክል የወጣ፣ ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ደግሞ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ጋዝና የአሲድ እንፋሎት ስለሚለቅ ለመኖሪያ ቤት አይሆንም።

ደረጃ 9፦ አዲሱን መግዛትና መግጠም

በፒያሳም ሆነ በአዘዞ ወይም በማራኪ ሱቅ ሲገቡ አሮጌውን ባትሪና ቴስተርዎን ይዘው ይሂዱ። ባለ 7 አምፔር ሰዓቱ የተለመደ መጠን 151 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 65 ስፋትና 94 ቁመት ነው። ክብደቱ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ መሆን አለበት፤ ቅልል ያለ ባትሪ ውስጡ ያለው እርሳስ ጥቂት ነውና በላዩ የተጻፈውን አቅም አይሰጥም። የምላሱም ስፋት ሁለት ዓይነት ነው፣ 4.75 ወይም 6.35 ሚሊ ሜትር፤ የማይገጥመውን በፒንሳ አጣሞ ማስገባት የላላ መጋጠሚያና አዲስ ሙቀት ይፈጥራል። መደርደሪያ ላይ የቆየ ባትሪ በራሱ ስለሚራገፍ ከመክፈልዎ በፊት ይለኩት፤ ከ12.6 በታች ያሳየውን አይውሰዱ። ሻጩ መለካትን ከተቃወመ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።

የሳጥኑ መመሪያ የተለየ ካላዘዘ ስፒናው ተነቅሎ ሳለ ቀዩን ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጋቲቭ ያገናኙና ከዚያ ስፒናውን ይሰኩ። በባትሪው ጎን የገባበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ። ከአንድ ሰዓት፣ ከአራት ሰዓትና በማግስቱ ይንኩት፤ መጀመሪያ ጥቂት ሞቆ በማግስቱ መቀዝቀዝ አለበት። ከዚያ ስፒናውን ነቅለው ማንቂያውን በባትሪ ብቻ ያስነሡና ሳይረኑ በሙሉ ድምፁ ለአንድ ደቂቃ መጮኹን ይስሙ። ይህን ሙከራ ቢያንስ ከጥምቀት በፊት በየዓመቱ መድገም ይገባል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ታቦት አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ ቤቱን የሚጠብቀው እርሱ ብቻ ነውና። በክረምት መብረቅ በሚበዛበትና መብራቱ በሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ ሳጥኑ ከስታብላይዘር በኋላ ቢሰካ የመሙያው ክፍል ይጠበቃል።

የወጣው አሮጌ ባትሪ ምላሶቹ በናስትሮ ተሸፍነው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። እርሳሱን ለማውጣት መስበርም ሆነ በእሳት ማቅለጥ መርዙን ወደ ቤተሰቡ ሳንባና ወደ ግቢው አፈር ያስገባል፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ያገለገሉ የመኪና ባትሪዎችን ለሚረከብ ነጋዴ ሳይከፈት ይስጡት።